ስድስት የዘይት ታንከር፣ አንድ ፒኤልሲ፤ ዝናብ ሲመጣ ንባቡ ይጠፋል

ኑግ_ቡሬ
ነሐሴ 3፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ለሁላችሁም። የምሠራው ቡሬ አካባቢ ባለ የምግብ ዘይት ፋብሪካ ነው፤ ኢንስትሩመንት ክፍል። ክፍሉ እኔና አንድ ረዳቴ ነን፤ ሌላ የምንጠይቀው ሰው የለም።

ግቢ ውስጥ ስድስት ታንከር አለን። ሦስቱ ያልተጣራ፣ ሦስቱ የተጣራ ዘይት ይይዛሉ። እያንዳንዳቸው ጣሪያ ላይ ራዳር ሌቭል ትራንስሚተር (የዘይቱን ከፍታ የሚለካ) አለ። ስድስቱም በአርኤስ-485 (የመረጃ ሽቦ) መስመር፣ በሞድባስ አርቲዩ (የመሣሪያዎች መነጋገሪያ ደንብ)፣ ከአንድ ሲመንስ ኤስ7-1200 ፒኤልሲ (የፋብሪካ መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር) ጋር ይነጋገራሉ። የመገናኛ ሞጁሉ ሲኤም 1241 ነው። ፍጥነቱ በሰከንድ 9600 ቢት፣ ፓሪቲው (የስሕተት ማጣሪያው) ኢቨን፣ አድራሻቸው ከ1 እስከ 6። ከፓነሉ እስከ ሩቁ ታንከር 180 ሜትር ገደማ ይሆናል።

በበጋ ደህና ነበር። ሰኔ ከገባ ወዲህ ግን ሦስት ነገር አስቸግሮኛል። አንደኛ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ዝናብ ሲጀምር ታንከር 5 እና 6 ይጠፋሉ። ሁለተኛ፣ የማስተላለፊያው ፓምፕ ሲነሳ ሁሉም ይቆራረጣሉ። ሦስተኛ፣ ታንከር 3 ላይ ባለፈው ወር መለኪያ ቀይረን ነበር። እሱ አንዴ ዜሮ፣ አንዴ የማይታመን ቁጥር ያሳያል።

አሁን ፍልሰታ ነው፤ የዘይት ገበያው ደርቷል። መኪና ተሰልፎ ይውላል። ንባቡ ሲጠፋ ኦፕሬተሮቹ በዝናብ መሰላል እየወጡ በሜትር ይለካሉ። መሰላሉ ዘይትና ውኃ ነው፤ ያንሸራትታል። ከትናንት ወዲያ ደግሞ ታንከር 6 ሊፈስ ትንሽ ነበር የቀረው። ስክሪኑ 6.8 ሜትር ይላል፤ ዘይቱ ግን ጣሪያው ሥር ደርሷል። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሥራውን የሠራው ኮንትራክተር የሽቦ ሥዕል ሳይሰጠን ነው የሄደው። ከየት ልጀምር?


ዳንግላ_ኤሌክትሪክ
ነሐሴ 3፣ ከምሽቱ 2፡50

ሞጁሉን ቀይሪው። እኛም ጋ እንዲሁ አድርጎ ነበር፤ ቀየርነው፣ ተስተካከለ። ካልሆነ ፍጥነቱን አውርጂው።


ኑግ_ቡሬ
ነሐሴ 3፣ ከምሽቱ 3፡05

አመሰግናለሁ ወንድሜ። ሞጁሉን ቀይሬ አይቻለሁ፤ መለዋወጫ ነበረን። ሁለት ቀን ደህና ሆነ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ለካ ሁለቱን ቀን ዝናብ ስላልጣለ ነው። ፍጥነቱንም ወደ 4800 አወረድኩት፤ ለውጥ የለውም።


ጋሼ_ፓነል
ነሐሴ 3፣ ከምሽቱ 3፡40

ሰላም ልጄ። ፕሮግራሙን ለጊዜው ተይው። ላፕቶፑን ዝጊና መልቲሜትር ያዢ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ፓነል ስሠራ፣ 485 ካስቸገረኝ አሥር ጊዜ ዘጠኙ በሽቦ ምክንያት ነው። አራት ነገር ለኪልኝ።

መጀመሪያ ፓነሉንም መለኪያዎቹንም ኃይል አጥፊ። ከዚያ ፓነሉ ተርሚናል ላይ በሁለቱ የ485 ሽቦዎች መካከል ኦም ለኪ። የዚህ መስመር ሁለት ጫፍ ላይ፣ ሁለት ጫፍ ላይ ብቻ፣ ምልክቱ ተንጸባርቆ እንዳይመለስ 120 ኦም ረዚስተር መኖር አለበት። ሁለት 120 ጎን ለጎን ሲታሰሩ 60 ይሆናሉ። ስለዚህ 60 ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ቁጥር ካገኘሽ ደህና ነው። 120 ካልሽኝ አንዱ ጫፍ ላይ የለም ማለት ነው። ከ60 በጣም ካነሰ ደግሞ አንድ ሰው ረዚስተር አብዝቷል።

ሁለተኛ፣ ኃይሉን መልሺና ፒኤልሲው መጠየቁን እንዲያቆም አድርጊ። መስመሩ ዝም ባለበት ሰዓት በሁለቱ ሽቦ መካከል የዲሲ ቮልት ለኪ። ከ0.2 ቮልት በላይ መሆን አለበት።

ሦስተኛ፣ ረጅም ሽቦ ዘርግተሽ በፓነሉ መሬትና በታንከር 6 አካል መካከል የኤሲ ቮልት ለኪ። ፓምፑ ሳይሠራ አንዴ፣ ሲሠራ አንዴ።

አራተኛ፣ ኬብሉ በየት በየት እንደሚሄድ በእግርሽ ተከተዪው። ወረቀት ላይ ሣዪው። ኮንትራክተሩ ያልሰጠሽን ሥዕል አንቺው ትሠሪዋለሽ።

ስትጨርሺ ቁጥሮቹን እዚህ ጻፊልኝ።


ማርቆስ_ውኃ
ነሐሴ 4፣ ከጠዋቱ 4፡10

ጋሼ፣ በሰው ጥያቄ መሐል ስለገባሁ ይቅርታ። እኔ ደብረ ማርቆስ የውኃ ሥራ ላይ ነኝ። የውኃ ማጠራቀሚያችን ከፓምፕ ቤቱ 2.3 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ያንን ርቀት በ485 ማገናኘት ይቻላል? ሌላም ችግር አለብኝ። አዲስ የተገጠመው የግፊት መለኪያ፣ ውኃው 4 ሜትር ሲሆን 1.5 ያነባል። የድሮው በትክክል ያነብ ነበር።


ባሕር_ዳር_አውቶሜሽን
ነሐሴ 4፣ ከጠዋቱ 5፡00

ማርቆስ_ውኃ፣ ወንድሜ፣ ለኑግ መልስ እስኪመጣ እኔ ላንተ ልመልስ።

485 በዝቅተኛ ፍጥነት እስከ 1200 ሜትር ነው የሚታመነው። 2.3 ኪሎ ሜትር ላይ ሪፒተር (ምልክት ማጠናከሪያ) አስገብቶ የሚሠራ አለ። እኔ ግን አልመክርህም። ያን ያህል መዳብ ክረምት ላይ ሜዳ ላይ ዘርግቶ መተው መብረቅ መጥራት ነው። ማጠራቀሚያው ጋ ትንሽ ፒኤልሲ አድርግና በሬዲዮ ወይም በሞባይል ኔትወርክ አገናኘው። ሞድባሱ እዚያው በ5 ሜትር ሽቦ ይቀራል።

የግፊት መለኪያህ ግን ደስ የሚል እንቆቅልሽ ነው፤ መልሱ ደግሞ ማርቆስ የተቀመጠችበት ከፍታ ነው። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ ከ2400 ሜትር በላይ ነው። እዚያ የአየሩ ግፊት 76 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ 101.3 ነው። ልዩነቱ 25 ኪሎ ፓስካል ነው። ይህን ወደ ውኃ ከፍታ ስትለውጠው 2.5 ሜትር ይሆናል። አንተ የጎደለብህም ልክ 2.5 ሜትር ነው!

ጥሩ የውኃ ውስጥ መለኪያ ኬብሉ መሐል ቀጭን የአየር ቱቦ አለው። ውጭ ያለውን አየር እየተነፈሰ ያንን ይቀንሳል። የአንተ አዲሱ መለኪያ ወይ የታሸገ ዓይነት ነው፣ ፋብሪካ ውስጥ በባሕር ወለል ግፊት የተዘጋ፤ ወይ የአየር ቱቦው ጫፍ ከፋብሪካ እንደተዘጋ ቀርቷል። መጀመሪያ ሳጥኑን ክፈትና ቱቦውን እየው። የታሸገ ዓይነት ከሆነ ደግሞ እዚያው ማርቆስ ላይ፣ መለኪያውን ከውኃ አውጥተህ ዜሮ አድርገው።


ማርቆስ_ውኃ
ነሐሴ 4፣ ከጠዋቱ 5፡20

እሰይ! እንዲህ ብሎ የነገረኝ ሰው የለም። ከሰዓት ወጥቼ አየዋለሁ።


ኑግ_ቡሬ
ነሐሴ 4፣ ከምሽቱ 1፡30

ጋሼ፣ ለክቻለሁ። ሁሉንም እንዳለ ጻፍኩልዎ።

በሁለቱ ሽቦ መካከል 21 ኦም። ሁለቴ ለካሁት፤ ያው ነው። መስመሩ ዝም ሲል 0.09 ቮልት። ፓነሉ ውስጥ ወደ 5 ቮልትና ወደ ዜሮ የሚስቡ ሁለት 560 ኦም ረዚስተሮች አሉ፤ ለምን እንደተደረጉ አላወቅሁም ነበር። በፓነሉ መሬትና በታንከር 6 መካከል፣ ፓምፑ ሳይሠራ 3 ቮልት ኤሲ። ፓምፑ ሲሠራ 9 ቮልት።

ኬብሉን ከረዳቴ ጋር ተከተልነው። ከፓነሉ 60 ሜትር ላይ ግቢው መሐል አንድ ሳጥን አለ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ታንከር የየራሱ ኬብል ይወጣል፤ ስድስት እግር ማለት ነው። እስከ ሳጥኑ ድረስ ደግሞ የ485 ኬብሉ ከፓምፑ የሞተር ኬብል ጋር በአንድ ትሬይ (የኬብል መደርደሪያ) ነው የሚሄደው። ፓምፑ ኢንቨርተር (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ) አለው።

ታንከሮቹ ላይ ያሉትን መለኪያዎች ስከፍት፣ ከታንከር 3 በቀር ሁሉም ላይ የ120 ኦም ማብሪያው "ክፍት" (ኦን) ላይ ነው። የታንከር 3 አዲሱ ዝግ ነው። ታንከር 5 ላይ ደግሞ ሳጥኑን ስከፍት ውኃ ፈሰሰ። የኬብል መግቢያው ወደ ላይ ነው የሚያየው።


ጋሼ_ፓነል
ነሐሴ 4፣ ከምሽቱ 2፡45

ጎበዝ ልጅ! ይሄ ነው ሥራ ማለት። አሁን ቁጥሮቹ ራሳቸው ይናገራሉ።

120ን ለ6 ስታካፍይ 20 ነው። አንቺ ያገኘሽው 21 ነው፤ ትርፏ የኬብሉ ነች። ማለት መስመሩ ላይ ስድስት ረዚስተር አለ። አንዱ ፓነሉ ውስጥ፣ አምስቱ ታንከር ላይ። ኮንትራክተሩ እያንዳንዱ እግር ጫፍ ነው ብሎ ሁሉንም ከፈታቸው። የ485 ሾፌር ለ54 ኦም ጭነት ነው የተሠራው። እናንተ 20 ጫናችሁበት። አንድ በሬ ለስድስት ሞፈር እንደመጥመድ ነው።

እነዚያ ሁለት 560 ረዚስተሮች መስመሩ ዝም ሲል ሁለቱን ሽቦ ለያይተው እንዲይዙ ነው። በ60 ኦም ጭነት ቢሆን 0.25 ቮልት ይሰጡሽ ነበር። በ20 ኦም ግን ከ0.09 አያልፍም። ተቀባዩ ደግሞ 1 ወይም 0 ብሎ በእርግጠኝነት የሚለየው ከ0.2 በላይ ሲሆን ነው። በዚያ መሐል ያለው ጭጋግ ነው። አንዳንዱ ቺፕ በጭጋጉም ውስጥ ያያል፤ በበጋ የሠራልሽ ለዚያ ነው። እርጥበትና የኤሌክትሪክ ጫጫታ ሲመጣ ግን የሚያየው ያጣል።

የስድስቱ እግር ሽቦ አልወደድኩትም። 485 በሰንሰለት ነው የሚኬደው። ከአንዱ ገብቶ ወደ ቀጣዩ ይወጣል። ኮከብ (ሁሉም ከአንድ ሳጥን መውጣት) አይሠራም።


ባሕር_ዳር_አውቶሜሽን
ነሐሴ 4፣ ከምሽቱ 3፡10

ጋሼ፣ በአብዛኛው እስማማለሁ። አንድ ነገር ላይ ብቻ ልከራከርዎ።

ኮከቡን ዋና ጥፋተኛ አላደርገውም። በ9600 አንድ ቢት 104 ማይክሮ ሰከንድ ይወስዳል። ምልክት በ120 ሜትር እግር ሄዶ ተንጸባርቆ ሲመለስ ከ1 ማይክሮ ሰከንድ ትንሽ በላይ ነው። ተቀባዩ ቢቱን የሚያነበው መሐሉ ላይ ነው። እስከዚያ ነጸብራቁ ሞቶ አልቋል። ፍጥነቱን ወደ 4800 ስታወርድ ምንም ያልተለወጠውም ለዚህ ነው። ችግሩ ነጸብራቅ ቢሆን ኖሮ ፍጥነት መቀነሱ ይረዳት ነበር።

ስለዚህ ፋብሪካው ዛሬ ኬብል መግዛት ካልቻለ፣ አራቱን ማብሪያ መዝጋት ብቻውን ብዙ ያስተካክላል። የሩቁን የታንከር 6ን ክፍት ትተዋለች፣ የፓነሉን ትተዋለች። ሌላው ይዘጋል።

ትልቁ ነገር ያ 9 ቮልት ነው። መልቲሜትር የሚያሳየው አርኤምኤስ ነው። የማዕበሉን ጫፍ ለማግኘት በ1.41 ይባዛል፤ 12.7 ይሆናል። 485 የሁለቱን ጫፍ የመሬት ልዩነት የሚችለው ከማይነስ 7 እስከ ፕላስ 12 ቮልት ነው። በሁለቱም በኩል ገደቡን አልፏል። ፓምፑ ሲነሳ ሁሉም የሚቆራረጡት ለዚህ ነው።

ኑግ፣ ሦስተኛ ሽቦ አለሽ? የጋራ መመለሻ? ወይስ ሁለት ሽቦ ብቻ ነው?


ኑግ_ቡሬ
ነሐሴ 4፣ ከምሽቱ 3፡25

ሁለት ሽቦ ብቻ። ሺልዱ (የኬብሉ መከላከያ ሽፋን) ደግሞ ፓነሉ ላይም ታንከሩ ላይም ታስሯል።


ጋሼ_ፓነል
ነሐሴ 4፣ ከምሽቱ 3፡50

ባሕር ዳር፣ ስለ ፍጥነቱ ያልከው ልክ ነው፤ ተቀብያለሁ። ሰንሰለቱን ግን አልለቅም። ነገ ሌላ ታንከር ሲጨመር ኮከቡ ሰባተኛ እግር ያበቅላል፤ ማን ጫፍ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አይኖርም። አሁን የሆነውም ይኸው ነው።

ልጄ፣ ሺልዱ በሁለቱም በኩል ሲታሰር የመሬት መስመር ይሆናል። ያ 9 ቮልት በሺልዱ ውስጥ ከረንት ይነዳል። ሺልዱን ፓነሉ ጋ ብቻ እሰሪው። ታንከር ጋ ቁረጪና በቴፕ ሸፍኚው። የጋራውን ሽቦ ደግሞ ለብቻው ጎትቺ።

ከሁሉ በፊት ግን የታንከር 6ን መሬት ፈልጊ። በአንድ ግቢ ውስጥ 9 ቮልት ልዩነት የመገናኛ ችግር ብቻ አይደለም፤ የሰው ችግርም ነው። አንድ ቦታ የመሬቱ መስመር ተቆርጧል። ዘንድሮ ግቢው ውስጥ የተቆፈረ ነገር አለ?


ኑግ_ቡሬ
ነሐሴ 4፣ ከምሽቱ 4፡00

አለ ጋሼ! ግንቦት ላይ ለጎርፍ ቦይ ተቆፍሯል። በታንከር 5 እና 6 መሐል ነው የሚያልፈው።


ጋሼ_ፓነል
ነሐሴ 4፣ ከምሽቱ 4፡02

ነገ ጠዋት እዚያ ሂጂ። ከሌላ ሥራ በፊት።


ባሕር_ዳር_አውቶሜሽን
ነሐሴ 5፣ ከጠዋቱ 3፡30

ኑግ፣ ቦይ እስክትፈልጊ የታንከር 3ን ልንገርሽ፤ ያ ሽቦ አይደለም።

ሞድባስን ሞዲኮን የተባለው ኩባንያ እ.አ.አ. በ1979 ሲያወጣው ለቁጥር የሚያውቀው ባለ 16 ቢት ሬጅስተር (የቁጥር ማስቀመጫ) ብቻ ነበር። ፍሎት የምንለው ባለ ነጥብ ቁጥር 32 ቢት ነው፤ ሁለት ሬጅስተር ይፈልጋል። ከሁለቱ የቱ ይቅደም የሚለውን ደንቡ አልወሰነም። እያንዳንዱ አምራች በራሱ አደረገው።

በምሳሌ እይው። 3.75 ሜትር በፍሎት ሲጻፍ 4070 እና 0000 ይሆናል፤ በሄክስ (በ16 መሠረት አጻጻፍ) ነው። አዲሱ መለኪያሽ መጀመሪያ 0000፣ ቀጥሎ 4070 ይልካል። ፒኤልሲሽ በድሮው ቅደም ተከተል ሲያነበው ለዜሮ እጅግ የቀረበ ቁጥር ይሆናል፤ ስክሪኑ 0.00 ይላል። ዘይቱ ትንሽ ሲነቃነቅ ደግሞ የኋለኛው ሬጅስተር ይለዋወጣል፤ ያኔ ያ የማይታመን ቁጥር ይመጣል። ምልክቱ ልክ አንቺ የጻፍሽው ነው።

መፍትሔው የአምስት ደቂቃ ነው። ፕሮግራሙ ውስጥ ለታንከር 3 ሁለቱን ሬጅስተሮች አገላብጪ። ወይም መለኪያው ሜኑ ውስጥ የቅደም ተከተል ምርጫ ካለው እዚያ ለውጪው። አንዱን ብቻ አድርጊ። ሁለቱንም ካደረግሽ ወደ ነበረበት ትመለሻለሽ። ያደረግሽውንም ፓነሉ በር ውስጥ ጽፈሽ ለጥፊው፤ ቀጣዩ ሰው ራሱን እንዳያዞር።

ካልተስተካከለ የሬጅስተሩን ቁጥር እይው። አንዳንድ ማኑዋል ከ0 ይቆጥራል፣ አንዳንዱ ከ1። በአንድ ከተሳሳትሽ የአንዱን ቁጥር ግማሽና የሌላውን ግማሽ ነው የምታነቢው።


ኑግ_ቡሬ
ነሐሴ 5፣ ከቀኑ 7፡15

ሁለት ዜና አለኝ።

ታንከር 3 ተስተካከለ። ሬጅስተሩን አገላበጥኩት፤ 4.12 አለ። ረዳቴ በሜትር ለካው፤ 4.11 ነው። አፌን ነው የያዝኩት፣ ይህን ያህል ቀላል መሆኑን አላመንኩም።

ሁለተኛው፣ ጋሼ እንዳሉት ነው። ቦዩ ጠርዝ ላይ ጭቃውን ስንገፋ የመዳቡ መሬት መስመር ተቆርጦ ተገኘ። በኤክስካቫተር ነው የተመታው። ታንከር 5 እና 6 ከግንቦት ጀምሮ ያለ መሬት ነው የቆሙት። ኦፕሬተሮቹ እነዚያ መሰላሎች ላይ ሲወጡ እንደከረሙ ሳስብ ሆዴ ተላወሰ። ኤሌክትሪሻኖቹ ዛሬ ይቀጥሉታል።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ ግን አለ። ታንከር 6 ሊፈስ ያለ ቀን ስክሪኑ ለምን 6.8 አለ? መገናኛው ከጠፋ ለምን ዜሮ ወይም ባዶ አላለም?


ባሕር_ዳር_አውቶሜሽን
ነሐሴ 5፣ ከምሽቱ 1፡20

ይህ ጥያቄ ከሽቦው ሁሉ ይበልጣል። እባካችሁ ሌሎቻችሁም አንብቡት።

ፒኤልሲው ለመለኪያው ጥያቄ ይልካል። መልስ ሲመጣ ቁጥሩን ሜሞሪ ላይ ይጽፋል። መልስ ካልመጣ ምንም አይጽፍም። ሜሞሪው ላይ የቆየው የመጨረሻው ጥሩ ቁጥር ነው። ስክሪኑ ደግሞ ሜሞሪውን ብቻ ነው የሚያየው። ስለዚህ 6.8 የሚለው ዘይቱ 6.8 በነበረበት ሰዓት የተጻፈ ነው። ግማሽ ሰዓት ሊሆነው ይችላል። ኦፕሬተሩ ግን አሁን ያለ ይመስለዋል፤ ምክንያቱም ቁጥሩ ጥሩ ቁጥር ይመስላል።

ዜሮ ቢሆን ሰው ይጠራጠራል። ባዶ ቢሆን ይጠይቃል። ትክክል የሚመስል የቆየ ቁጥር ግን ማንንም አያነቃም። ለኔ ከሁሉም ብልሽት የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

እንዲህ አድርጊ። ለእያንዳንዱ ታንከር ሰዓት ቆጣሪ አስቀምጪ። ጥሩ መልስ በመጣ ቁጥር ወደ ዜሮ ይመለሳል። 10 ሰከንድ ካለፈ "መገናኛ የለም" የሚል ቢት ይበራል። ያ ቢት ሲበራ ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ ጠፍቶ ሰረዝ ይሁን፤ ቀለሙም ይለወጥ። ወደዚያ ታንከር የሚሞላው ፓምፕ ደግሞ ይቁም።

ሌላም ነገር አለ። የጥያቄውን ዙር አስቢው። በ9600 አንድ ባይት 1.15 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል። ጥያቄው 8 ባይት፣ መልሱ 9 ባይት ነው። በመሐል ያለውን ዝምታና መለኪያው የሚያስብበትን ስትጨምሪ፣ አንድ ታንከር ከ80 ሚሊ ሰከንድ አያልፍም። ስድስቱ በግማሽ ሰከንድ ያልቃሉ። አሁን ሁለት ታንከር ሲሞት እይው። የምላሽ መጠበቂያው በነባሪው 1000 ሚሊ ሰከንድ ነው። ሁለት ጊዜ ደግሞ ይሞክራል። ለእያንዳንዱ የሞተ ታንከር 3 ሰከንድ፣ ለሁለቱ 6 ሰከንድ። ስለዚህ ደህናዎቹ አራቱም በዝግታ ይታደሳሉ። መጠበቂያውን ወደ 200 አውርጂው። ለሞተ ታንከር ደግሞ በየዙሩ ሳይሆን በየ30 ሰከንዱ አንዴ ብቻ ጠይቂ።

አንዱ ጥያቄ ሳያልቅ ሌላውን እንዳትልኪም ተጠንቀቂ። ማስተር ብሎኩ (ጥያቄውን የሚልከው የፕሮግራም ክፍል) "ተጠናቀቀ" ወይም "ስሕተት" እስኪል ጠብቂ፤ ከዚያ ወደ ቀጣዩ እለፊ።


ጋሼ_ፓነል
ነሐሴ 5፣ ከምሽቱ 2፡30

ባሕር ዳር ያለውን ሁሉ አድርጊ። እኔ አንድ ልጨምር።

እ.አ.አ. ዲሴምበር 11 ቀን 2005 እንግሊዝ አገር ባንስፊልድ በሚባል የነዳጅ ዴፖ አንድ ታንክ ሞልቶ ፈሰሰ። ታንክ ቁጥር 912። የደረጃ መለኪያው አንድ ቁጥር ላይ ተጣብቆ ቀርቶ ነበር። ስክሪን የሚያዩት ሰዎች ታንኩ እየሞላ መሆኑን አላወቁም። ለብቻው የተገጠመው የላይኛው መቆጣጠሪያ ስዊችም አልሠራም። ከ250,000 ሊትር በላይ ቤንዚን ፈሶ ፈነዳ። 43 ሰው ተጎዳ። እሑድ ንጋት ላይ ባይሆን ኖሮ የሰው ሕይወት ይጠፋ ነበር።

የምግብ ዘይት እንደ ቤንዚን አይደለም። ግን መሬቱ ይበላሻል፣ ወንዙ ይበላሻል፣ ሰው ይንሸራተታል፤ ዘይቱም የገበሬው ኑግ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ታንከር ጣሪያው ሥር አንድ ተራ የደረጃ ስዊች ይኑርሽ። ከሞድባሱ ጋር አይገናኝ። በራሱ ሽቦ ሄዶ የፓምፑን ኮንታክተር (ኃይል ማገናኛ) በቀጥታ ያቁም። ፒኤልሲው ቢሞትም፣ ስክሪኑ ቢዋሽም፣ እሱ ያቆማል። በየሦስት ወሩ ደግሞ በእጃችሁ አንስታችሁ ሞክሩት። ያልተሞከረ ስዊች እንደሌለ ቁጠሪው።


ዳንግላ_ኤሌክትሪክ
ነሐሴ 5፣ ከምሽቱ 3፡00

ጋሼ፣ እውነት ለመናገር እኛም ጋ ሞጁል ቀይረን ተስተካከለ ያልኩት ክረምቱ ስላለቀ ሳይሆን አይቀርም። ነገ ኦም እለካለሁ።

ኤ እና ቢ (የ485 ሁለቱ ሽቦዎች ስም) ላይ ግን ግራ እየገባኝ ነው። መለኪያው ላይ ኤ ፕላስ ነው ይላል፤ ሞጁሉ ላይ ቢ ፕላስ ነው።


ባሕር_ዳር_አውቶሜሽን
ነሐሴ 5፣ ከምሽቱ 3፡15

ልክ ነህ፤ ሁሉንም ሰው ያደናግራል። ሲመንስ ላይ ቢ ፕላስ ነው፣ ፒን 3። ኤ ማይነስ ነው፣ ፒን 8። ብዙ መለኪያ ደግሞ ኤ ፕላስ ነው ይላል። ፊደሉን አትመን። ምልክቱን ተከተል፦ ፕላስ ከፕላስ፣ ማይነስ ከማይነስ። ምልክት ካልተጻፈ ሁለቱን ሽቦ ገልብጠህ ሞክር። በመገልበጥ የሚቃጠል ነገር የለም፤ ዝም ብሎ አይመልስም፣ በቃ።


ማርቆስ_ውኃ
ነሐሴ 6፣ ከጠዋቱ 3፡40

ቱቦው ነበር። የኬብሉ የአየር ቱቦ ጫፍ ከፋብሪካ በመጣበት መክደኛ ጥብቅ ብሎ እንደተዘጋ ሳጥኑ ውስጥ ገብቷል። ፈታሁት። አሁን 4.02 ያነባል። ባሕር ዳር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደረቅ ማድረጊያ ከረጢትም ሳጥኑ ውስጥ ጨመርኩ።


ጋሼ_ፓነል
ነሐሴ 6፣ ከጠዋቱ 4፡00

ከረጢቱን በየጊዜው ቀይረው። ቀለሙ ሲለወጥ ማለት ነው። ክረምት ላይ ቶሎ ይጠግባል።


ኑግ_ቡሬ
ነሐሴ 14፣ ከምሽቱ 2፡00

እንዴት ሰነበታችሁ። ሳልጽፍ የቆየሁት ሥራ ላይ ስለነበርን ነው። የሠራነውን ልንገራችሁ።

የተቆረጠው መሬት ተቀጠለ። በፓነሉና በታንከር 6 መካከል አሁን፣ ፓምፑ እየሠራ፣ 0.4 ቮልት ነው።

ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ ኬብል ለመግዛት አልፈለገም ነበር። የጋሼን የባንስፊልድ ጽሑፍ አሳየሁት። ዝም ብሎ አነበበውና ፈረመልኝ። ኬብሉን በሰንሰለት ዘረጋነው፤ ባለ ሦስት ሽቦ፣ የተጠማዘዘ ጥንድና የጋራው። ከሞተር ኬብሉ ለይተን በሌላ ትሬይ አሳለፍነው። ሊሻገረው በግድ በሆነበት አንድ ቦታ ቀጥ ብሎ እንዲያቋርጠው አደረግን። ሺልዱ ፓነሉ ጋ ብቻ ነው የታሰረው። የመብረቅ መከላከያ በሁለቱም ጫፍ ገጠምን።

ቁጥሮቹ፦ በሁለቱ ሽቦ መካከል 64 ኦም። ዝም ሲል 0.27 ቮልት።

የታንከር 5 ሳጥን ተገለበጠ፤ ኬብሉ ከታች ይገባል። ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ታጥፎ ውኃው እዚያ ላይ እንዲንጠባጠብ አድርገናል።

ሰዓት ቆጣሪዎቹን ጻፍኳቸው። ትናንት ሆን ብዬ የታንከር 2ን ሽቦ ነቀልኩት። በአሥረኛው ሰከንድ ስክሪኑ ሰረዝ ሆነ፤ ፓምፑ ቆመ። ኦፕሬተሮቹ ደንግጠው ሮጠው መጡ። ነገርኳቸው፤ ከዚያ አንዱ ራሱ እንዲነቅል ሰጠሁት።

ዛሬ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ከባድ ዝናብ ነበር፣ ከነጎድጓዱ። ስክሪኑ ፊት ቆሜ ነበር። ስድስቱም አልተንቀሳቀሱም። የደረጃ ስዊቾቹ ገና ናቸው፤ ሁለት መጥተዋል። መጀመሪያ ታንከር 6 ላይ ይገጠማሉ።


ዳንግላ_ኤሌክትሪክ
ነሐሴ 14፣ ከምሽቱ 2፡25

እኔም ለካሁ፤ 40 ኦም። መሐል ላይ ያለ አንድ መሣሪያ ማብሪያው ክፍት ነበር። ዘጋሁት።

እህቴ፣ የሰዓት ቆጣሪውን ብሎክ እዚህ ታካፍይናለሽ?


ኑግ_ቡሬ
ነሐሴ 14፣ ከምሽቱ 2፡40

አካፍላለሁ። ነገ ከፈረቃ በኋላ ፎቶ አንስቼ፣ የሳልኩትንም የሽቦ ሥዕል ጨምሬ እልካለሁ።